ሀዋሳ ሐይቅ ዳር የተንደላቀቀ እረፍት፦ ቀን ከመቁረጥ እስከ ላንጋኖ አሸዋ

አምና የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ ደወለችልኝ። «ዘንድሮ ስመጣ ውኃ ዳር ማረፍ ነው የምፈልገው» አለችኝ። «አሮጌ ወደብ ያላት ትንሽ መንደር፣ ንጹሕ አሸዋ፣ ጥሩ ሆቴል። ዛንዚባር እንሂድ እንዴ?» ዛንዚባር ደስ ይላል። እኔ ግን የምኖረው ሀዋሳ ነው። ከቤቴ እስከ ሐይቁ በባጃጅ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። «መጀመሪያ አራት ሌሊት ለእኔ ስጪኝ፤ ከዚያ ዛንዚባር ትሄጃለሽ» አልኳት።

መጣች፤ አራቱን ሌሊት ስድስት አደረገችው። ከዚያ ወዲህ ዘመድ ጓደኛው ሁሉ «እስቲ ለእሷ ያወጣህላትን ፕሮግራም ላክልኝ» ይለኛል። በቴሌግራም ቆራርጬ ከምልክ እዚህ ሙሉውን ልጻፈው።

የአባቶቻችን ትውልድ ቀይ ባሕር ዳር ስላሉት ስለ ምጽዋና ስለ ጉርጉሱም አሸዋ ሲያወራ ነው ያደግነው። ለእኛ ግን ውኃ ዳር ማለት ሐይቅ ነው። ስለዚህ ከወዲሁ እውነቱን ልንገራችሁ። የሀዋሳ ሐይቅ ዳርቻ አሸዋ አይደለም፤ አብዛኛው ቄጠማና ሸምበቆ ነው። አሸዋ የሚገኘው ላንጋኖ ነው፤ እሱንም በመጨረሻው ቀን እናደርሳችኋለን። ሀዋሳ ያለው ሌላ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ በየማለዳው ጀልባቸውን የሚያስጠጉበት አሞራ ገደል አለ። ፀሐይ ቀጥታ ውኃው ላይ ስትጠልቅ የሚታይበት ዳርቻ አለ። ከአልጋችሁ ሳትነሱ የምትሰሙት የወፍ ድምፅ አለ።

ከሁሉም በፊት ይህን ያዙልኝ፦ ሐይቁ የራሱ ሰዓት አለው። ማለዳ እንደ መስታወት ተኝቶ ይቆያል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳበትና ይናጣል። አመሻሽ ላይ ይረጋጋና ይቀላል። ብዙ ብር አውጥቶ ቅር ብሎት የሚመለስ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተው በሆቴሉ ሳይሆን በሰዓቱ ነው። አራት ሰዓት ላይ ይነሳል፣ ስምንት ሰዓት ላይ ጀልባ ይፈልጋል፣ ማታ ክፍሉ ውስጥ ቴሌቪዥን ያያል። ከታች ያለው ሁሉ ይህን ስሕተት ለማስቀረት የተጻፈ ነው።

መጀመሪያ ቀን ቁረጡ

ለእረፍት ምርጡ ጊዜ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ነው። ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ቀኑ ይሞቃል፤ ማታ ሹራብ ያስፈልጋል። ሀዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ቆላ ነው ብላችሁ ቲሸርት ብቻ ይዛችሁ አትምጡ። በበልግና በክረምት ዝናብ አለ። ክረምቱም ቢሆን ደስ የሚለው አያጣም፤ ተራራው ይለመልማል፣ ክፍልም ይረክሳል። የጀልባ ሰዓት ግን ሊበላሽባችሁ ይችላል።

አሁን የሀዋሳ ሰው የሚያውቀውን፣ እንግዳ ግን ደርሶ የሚደነግጥበትን ልንገራችሁ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቅዱስ ገብርኤል ነው። ከአዲስ አበባም ከየአካባቢውም ሕዝብ ይጎርፋል፤ አልጋ አይገኝም፤ የተገኘውም ዋጋው ሌላ ነው። ለበዓሉ ከመጣችሁ በረከት ነው። ለጸጥታ ከሆነ ግን እነዚህን ቀናት ዝለሉ።

ፊቼ ጫምባላላ ደግሞ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። ቀኑን የሚቆርጡት ከዋክብትን አይተው የሚቆጥሩት አያንቶዎች ናቸው፤ ስለዚህ ከዓመት ዓመት ይለያያል። ሐይቁ ዳር ባለው ጉዱማሌ ሕዝቡ ሲሰበሰብ፣ ሽማግሌዎቹ እየዘመሩ ሲገቡ ማየት በሕይወት አንድ ጊዜ እንኳ ይገባል። ለዚህ ከመጣችሁ ግን ክፍሉን ቀድማችሁ ያዙ። መንገድ ላይ ልጆች «አይዴ ጫምባላላ» ሲሏችሁ መልሱላቸው።

ጥር የሰርግ ወር ነው። ሐይቅ ዳር ያሉት ሪዞርቶች ቅዳሜ ቅዳሜ ሙሽራ ያስተናግዳሉ። ሙዚቃው እኩለ ሌሊት ድረስ ሊሄድ ይችላል። ሀዋሳ የስብሰባ ከተማም ናት፤ በሳምንቱ መሐል ሠልጣኝና ተሰብሳቢ ሆቴሉን ይሞላዋል። ዓርብና ቅዳሜ ደግሞ የአዲስ አበባ ሰው ይመጣል። ታዲያ መቼ እንምጣ ካላችሁ፣ እሑድ ከሰዓት ግቡ። ሌላው ሻንጣውን ሲጭን እናንተ ታራግፋላችሁ። የአጎቴ ልጅ እሑድ አሥር ሰዓት ላይ ገብታ፣ ማታውን የሆቴሉ አትክልት ቦታ ላይ ከአስተናጋጆቹና ከጦጣዎቹ በቀር ሰው አላየችም።

ክፍሉን ስትይዙ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። የእረፍቱ ግማሽ ብር የሚሄደው እዚህ ነው።

እናቴ ጡረታ የወጣች ጊዜ ሁለት ሌሊት ሐይቅ ዳር ላሳርፋት አሰብኩ። አንድ ሆቴል ደወልኩና «ሌክ ቪው» የሚባለውን ክፍል ከተራው ጭማሪ ከፍዬ ያዝኩ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ደስ ብሏት መጋረጃውን ገለጠችው። ፊት ለፊት የጄኔሬተር ቤት ቆሟል። ሐይቁ የሚታየው በረንዳው ላይ ወጥታችሁ ወደ ግራ ስታጋድሉ፣ በሁለት ዛፎች መሐል ነው። እሷ «ይታያል እኮ ልጄ፣ ይኸው» አለችኝ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ «ሌክ ቪው» የሚለውን ቃል አትመኑ። ደውላችሁ የምትይዙትን ክፍል ቁጥር ጠይቁ። ከዚያ እንግዳ ተቀባዩ ከዚያው ክፍል በረንዳ ላይ ቆሞ አጭር ቪዲዮ በቴሌግራም እንዲልክላችሁ ለምኑት። ብዙዎቹ ይልካሉ፤ የማይልክ ካለ ምክንያቱን ራሳችሁ ትገምታላችሁ። ቀጥሎ ጄኔሬተሩ የት እንደሆነ፣ መብራት ሲጠፋ ሙቅ ውኃ እንዳለ፣ በዚያ ሳምንት ሰርግ ወይም ትልቅ ስብሰባ መኖር አለመኖሩን ጠይቁ።

አቅጣጫውንም አስቡበት። ከተማው ከሐይቁ በስተምሥራቅ ነው ያለው። ስለዚህ ወደ ውኃው የዞረ ክፍል ጠዋት ጥላ ነው፤ ከሰዓት ፀሐይ ይገባበታል፤ አመሻሽ ላይ ጀንበሯን ፊት ለፊት ያሳያችኋል። ምድር ቤት ያለ ክፍል ሣሩ ላይ በቀጥታ ያስወጣችኋል፤ ልጆች ላሉት ጥሩ ነው። ለእይታ ከሆነ ግን ከፍ ያለውን ፎቅ ምረጡ፤ ዛፉን ያልፋል።

ዋጋው ላይ ታክስና ሰርቪስ ቻርጅ ተካቶ እንደሆነ አስረግጡ። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና በላዩ የአገልግሎት ክፍያ ሲጨመር ሂሳቡ ሌላ መልክ ይይዛል። ቁርስ ይጨምራል ወይ? ለልጅ ተጨማሪ አልጋስ? ስትስማሙ ያረጋገጡበትን መልእክት አስቀምጡ። ቀብድ በቴሌብር ወይም በባንክ ስትልኩ ደረሰኙን ፎቶ አንስታችሁ ያዙት።

ሐይቁ ዳር ካሉት ስም ያላቸው የአትሌት ኃይሌ ገብረሥላሴ የመጀመሪያው ሪዞርትና ሌዊ ሪዞርት ናቸው። ዛፍና ወፍ የሚወድ ሰው ደግሞ የድሮውን ዋቢ ሸበሌ ቁጥር ሁለት ግቢ ያነሳል። የትኛውም ቢሆን ከላይ ያሉትን ጥያቄዎች ጠይቁት። ሙሉ ሳምንት ውድ ክፍል ውስጥ ከማደር ሦስት ሌሊት ጥሩ በረንዳ ያለው ክፍል ይሻላል ባይ ነኝ። የቀረውን ብር ለጀልባና ለምግብ አውሉት።

መንገዱ

ከአዲስ አበባ ሀዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት አይሞላም። በመኪና ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ያዙ፤ እስከ ሞጆ፣ ከሞጆም እስከ ባቱ የፍጥነት መንገድ አለ። ከባቱ በኋላ ከብትና ጋሪ መንገዱን ይጋራል። በቀን ተጓዙ፤ ከመነሳታችሁ በፊትም መንገዱ እንዴት እንደዋለ ደውላችሁ ጠይቁ። ላንጋኖን በመመለሻው ለማየት መኪና ይዛችሁ ብትመጡ ይመረጣል።

የመጀመሪያው ማታ

ሻንጣ አራግፋችሁ አትተኙ። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ፍቅር ሐይቅ ድረሱ። ይህ ሐይቁን ይዞ የሚሄድ የእግር መንገድ ነው። ተማሪው፣ ጥንዶቹ፣ ልጅ ያዘለችው እናት፣ ሁሉም እዚያ ነው። ቡና የምታፈላ ሴት አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጡና ጀበናው እስኪወርድ ጠብቁ። ሲዳማ ውስጥ ናችሁ፤ ቡናው ከዚሁ ነው የመጣው። ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ጀንበሯ ወደ ውኃው ትወርዳለች። የጀልባዎቹ ጥላ ይረዝማል። ለዚህ ሰዓት ማንም ሂሳብ አያመጣላችሁም፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የበለጠው ቅንጦት ይኼ ነው።

ጨለም ሲል ትንኝ ይነሳል። በሀዋሳ ወባ አለ፤ በተለይ ክረምት እንደወጣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይበረታል። እጅጌ ያለው ልብስ ልበሱ፤ የትንኝ መከላከያ ቅባት ተቀቡ። ክፍላችሁ ውስጥ አጎበር ከሌለ ጠይቁ፤ ያመጡላችኋል።

አሞራ ገደል፣ ጠዋት አንድ ሰዓት

የእናንተ አሮጌ ወደብ ይህ ነው። የድንጋይ ሕንፃ የለውም፤ ሥራው ግን የወደብ ሥራ ነው። አጥማጆቹ መረባቸውን ማታ ይጥላሉ፣ ሌሊቱን ያሳድሩታል፣ ንጋት ላይ ይሰበስባሉ። ጀልባዎቹ አንድ በአንድ ሲጠጉ ድምፁ ይቀየራል። ቆጠራው፣ ጭቅጭቁ፣ ሳቁ ይጀምራል።

ባለፈው አንድ ወጣት አጠገብ ቆሜ እጁን ሳይ ነበር። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በግራው ይይዛል። ቢላዋው ትንሽ ናት፤ ከመሳል ብዛት ግማሿ አልቋል። ከጭንቅላቱ ሥር አንዴ ይቀዳል፤ በጀርባው አጥንት ላይ እያንሸራተተ እስከ ጭራው ይወርዳል፤ ገልብጦ ይደግማል፤ ቆዳውን ይገፋል። ሁለት ነጭ ሥጋ ጣውላው ላይ ቀረ። ደቂቃ አልሞላውም። አጥንቱን ሳያይ ወደ ኋላው ወረወረው። ከኋላው መላጣ ራስ ያላቸው፣ አንገታቸው ላይ ከረጢት የተንጠለጠለባቸው፣ ቁመታቸው የልጅ ቁመት የሚያህል አሞራዎች ተሰልፈዋል። ማራቡ የሚባሉት ናቸው። አንዱ አየር ላይ ቀለበው።

እዚህ ስትመጡ እንዲህ አድርጉ። የሚያንሸራትት መሬት የማይፈራ ጫማ አድርጉ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፤ ሰዎቹ ሥራ ላይ ናቸው። አሞራዎቹን በእጃችሁ ልመግብ አትበሉ፤ ምንቃራቸው ቀልድ አያውቅም። ከዛፉ ላይ ጉሬዛና ጦጣ ታያላችሁ፤ ጦጣው ሙዝና ብስኩት ከእጅ ይነጥቃል፣ ከተከፈተ የመኪና መስኮትም ይገባል።

ዓሣ ስትገዙ መዳፍ የማይሞላውን ትንሹን ቆሮሶ አትውሰዱ። ዓይኑ የጠበበ መረብ ሳይራባ የያዘው ነው። የሚገዛው ሲጠፋ የሚያጠምደውም ይቀንሳል። የዚህ ሐይቅ ዓሣ እያነሰ መሄዱን አጥማጆቹ ራሳቸው በሐዘን ያወራሉ።

ጀልባው

ከዚያው ሳትርቁ፣ ነፋሱ ሳይነሳ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ጀልባ ያዙ። መጀመሪያ ተነጋገሩ፦ ዋጋው ለሰው ነው ወይስ ለጀልባው? መመለሻውን ይጨምራል? ስንት ሰዓት ነው? ጉማሬው ጋ ይደርሳል? እያንዳንዱ ሰው፣ ልጆችም ጭምር፣ የሚበቃው ላይፍ ጃኬት ካልለበሰ አትሳፈሩ። «ሐይቁ ረጋ ያለ ነው፣ ምንም አይልም» የሚላችሁን አትስሙት። ወደ 22 ሜትር የሚጠልቅበት ቦታ አለ።

ለብቻችሁ መያዝ ከቻላችሁ ያዙ። የቅንጦቱ ብር እዚህ ይገባል። ሞተሩን መሐል ላይ እንዲያጠፋላችሁ ንገሩት። ያኔ ነው ሐይቁ የሚሰማው። ውኃው እንጨቱን ሲነካ፣ ዓሣ አዳኙ ንስር ከሩቅ ሲጮህ፣ ከተማው ከታቦር ተራራ ሥር ትንሽ ሆኖ ሲታይ። የጠዋቱ ፀሐይ ከከተማው በኩል ስለሚመጣ የሐይቁ ፎቶም በዚህ ሰዓት ያምራል።

ጉማሬ ስታዩ ባለጀልባው ራቅ ብሎ እንዲቆም ጠይቁ። በጉማሬውና በቄጠማው መሐል፣ በእናትና በልጅ መሐል መግባት አደጋ ነው። ቅርብ ለመሄድ ጉርሻ አትስጡት፤ ርቀቱን ስለጠበቀ ስጡት።

ሌላም ነገር አለ። ለሐይቁ ዓመቱን ሙሉ የሚገባለት ወንዝ ጥቁር ውኃ የሚባለው ነው፤ ከላይ የሚታይ መውጫ ወንዝ ግን የለውም። የወደቀበት ፕላስቲክ የትም አይሄድም፤ እዚያው ይቀራል። የውኃ ጠርሙሳችሁን ይዛችሁ ተመለሱ፤ የሌላ ሰውም ካገኛችሁ አንሱት።

መዋኘትስ?

ሀዋሳ ሐይቅ ውስጥ አትዋኙ። ይህን በልበ ሙሉነት ነው የምለው። በዳርቻው ቢልሃርዚያ አለ። ትሉ ከውኃ ቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ በኩል ይገባል፤ እግር መንከር ብቻ ይበቃዋል። ውኃው ጥርት ብሎ መታየቱ ምንም ማለት አይደለም። የከተማው ልጆች ሲዋኙ ታያላችሁ፤ በሽታው የሚጎዳውም እነሱን ነው። ከገባችሁ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ ምርመራ አድርጉ፤ ፕራዚኳንቴል በሚባል መድኃኒት ይታከማል። ለመዋኘት የሆቴላችሁን ገንዳ ተጠቀሙ። ነፋስ የሚነሳበት የከሰዓቱ ጊዜ ለገንዳ፣ ለማሳጅና ለእንቅልፍ የተሠራ ነው።

ምን እንብላ?

ዓሣው ሙሉውን ተተልትሎ፣ ጠርዙ እስኪንኮሻኮሽ ተጠብሶ፣ ከዳጣና ከሎሚ ጋር ይመጣል። በእጅ ነው የሚበላው። ጉላሹም ዱለቱም ጥሩ ነው። የዓሣ ሾርባው ጠዋት አሞራ ገደል ላይ በርበሬ በዝቶበት ይጠጣል። የአምባዛ ሥጋ ወፍራምና ቅባታም ነው፤ የሚወደው ይወደዋል። ጥሬውን በዳጣ የሚበሉም አሉ፤ ሆዳችሁ ካልለመደ በእረፍታችሁ ቀን አትሞክሩት።

አንድ ምሳ ግን ከዓሣ ውጡና ቡርሳሜ ብሉ። ቆጮው ተፈርፍሮ፣ በቅቤ ርሶ፣ ሻፌታ በሚባለው የሸክላ ዕቃ ይቀርባል። ከእርጎ ጋር ነው። ትልልቅ ሆቴሎች በየቀኑ ላያዘጋጁት ስለሚችሉ ከአንድ ቀን በፊት እዘዙ። የአጎቴ ልጅ አንዱን ሻፌታ ለሦስት ሰው ነው ብላ ጀመረች፤ እኔና ባለቤቴ ዳቦ በላን።

ታቦር ተራራን በአንዱ ማለዳ ውጡት፤ ረጅም አይደለም፤ ሐይቁና ከተማው በአንድ እይታ ይታያሉ። የአካባቢ ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

የመጨረሻው ቀን፦ አሸዋው

ቁርስ በልታችሁ በጊዜ ውጡ። ላንጋኖ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከሀዋሳ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውኃው ቡናማ ነው፤ መጀመሪያ ያየው ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። ቆሻሻ አይደለም፣ ውኃው ውስጥ የተንሳፈፈ ደቃቅ አፈር ነው። ከቢልሃርዚያ ነፃ ነው ስለሚባል ሰው ለዓመታት ሲዋኝበት የኖረ ሐይቅ ነው። ዳርቻው ላይ አሸዋ አለ፤ ልጆች ቤት የሚሠሩበት፣ ትልቅ ሰው ጋደም የሚልበት።

ሐይቁ ዳር ያሉ ሪዞርቶች ለቀን እንግዳ መግቢያ እንዳላቸው ቀድማችሁ ደውሉ። የሚዋኙበትን ቦታ የሪዞርቱን ሠራተኞች ጠይቁ፤ ከዚያ አትራቁ። እዚህም ከሰዓት ነፋስ ይነሳል፣ ማዕበሉም ይበረታል። ስለዚህ ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ዋኙ፤ ምሳ ብሉ፤ ሳይመሽ አዲስ አበባ እንድትገቡ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ተነሱ።

ሀዋሳ ላይ ሻንጣ ስታስሩ ፎጣውንና የዋና ልብሱን ከላይ አድርጉት።